ማሽኑን አንዱ ይመርጣል፣ ቢሉን ሌላው ይከፍላል

የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ስለ ቤት ውስጥ ሙቀት አንድ ደንብ አጸደቀ። ወሬው ግን በእኛ ሰው መካከል የተዛመተው «አከራይ ኤሲ እንዲያስገባ ተገደደ» ተብሎ ነው። ደንቡ እንደዚያ አይልም። የሚለው፣ በሚከራይ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ከ82 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ27.8 ሴልሺየስ ገደማ፣ አይበልጥ ነው። በምን እንደሚወርድ ለባለ ንብረቱ ትቶታል፤ በኤሲም ይሁን በነጭ ጣሪያ፣ በወፍራም መጋረጃም ይሁን በተሻለ መስኮት። ማስፈጸሙ የሚጀምረው በጃንዋሪ 2027 ነው። ዐሥርና ከዚያ በታች ቤት የሚያከራዩ አነስተኛ ባለ ንብረቶች ደግሞ እስከ 2032 ድረስ ከቤቱ አንዱን መኖሪያ ክፍል ብቻ ቢያቀዘቅዙ ይበቃቸዋል።

ሌላም ያልተጣራ ነገር አለ። ደንቡ የሚሠራው የራሳቸው ከተማ አስተዳደር በሌላቸው የካውንቲው ሰፈሮች ነው። ላዴራ ሃይትስና ቪው ፓርክ ይገባሉ። በ2002 ስሟን ያገኘችው የፌርፋክስ ጎዳናዋ ሊትል ኢትዮጵያና ከእሷ በስተ ምሥራቅ ያለችው፣ አፓርትመንት በአፓርትመንት ላይ የተደረበባት ኮሪያታውን በሎስ አንጀለስ ከተማ ሥር ስለሆኑ በቀጥታ አይነካቸውም። ይሁን እንጂ አቅጣጫው ግልጽ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ አከራይ ቤቱን እስከ 70 ዲግሪ ፋራናይት ማሞቅ የሚችል ነገር እንዲያስገባ ያስገድዳል፤ ስለ ማቀዝቀዝ ግን ምንም አይል። ይህን ክፍተት ለመዝጋት በ2022 የወጣ የስቴት ሕግ የስቴቱ የቤቶች መሥሪያ ቤት ጥናት እንዲያደርግ አዞ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ይዞት የመጣው ቁጥርም ያው 82 ነው። ጥያቄው በከተማው ምክር ቤትም ተነስቷል።

እንግዲህ ቀጣዩ ጥያቄ «የትኛው ማሽን ይሻላል?» የሚመስል ነው። እርግጥ ማሽን መምረጥ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ የቴክኒክ መልሱ ከሞላ ጎደል ታውቋል። ከባዱ ማሽኑን የሚመርጠው ሰውና የመብራቱን ቢል የሚከፍለው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው።

ሁለት ሥራ በአንድ ማሽን

በዚህ ዘመን በየቦታው የሚወራለት ሂት ፓምፕ በሁለቱም አቅጣጫ መሥራት የሚችል ኤሲ ነው። ተራ ኤሲ የክፍሉን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውጭ ያወጣል። ሂት ፓምፕ በክረምት ያንኑ ዑደት ገልብጦ ከውጭው አየር ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሙቀትን አያመርትም፣ ያጓጉዛል፤ ስለዚህ ለአንድ እጅ መብራት ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ያቀብላል። የውጭው አየር በጣም ሲቀዘቅዝ ይህ ቅልጥፍና ይወርዳል፤ የክረምት ሌሊቱ ብዙውን ጊዜ ከ8 ወይም 10 ሴልሺየስ በማይወርድባት ሎስ አንጀለስ ግን አያሳስብም።

የጋዝ ሂተር በሌላ በኩል የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከገባው ጉልበት በላይ ሊሰጥ አይችልም። በድሮ አፓርትመንቶች ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው፣ ሲበራ አቧራ አቧራ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ 30 በመቶውን ያህል በጭስ ማውጫው ይለቀዋል።

ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ሂት ፓምፕ ብዙ ያተርፋል» ማለት የሻጮች ችኮላ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ቴርም ጋዝ 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይይዛል። 70 በመቶውን ለክፍሉ የሚያደርስ የግድግዳ ሂተር 20.5 ያህሉን ይሰጣል። ያንኑ ለመስጠት በሦስት እጥፍ የሚሠራ ሂት ፓምፕ 6.8 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበቃዋል። ስለዚህ ማንም ሰው ቢሉ ላይ ያለውን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በ6.8 ያባዛ። መብራቱ 25 ሳንቲም ከሆነ 1.70 ዶላር ይመጣል፤ ጋዙ በቴርም ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ከሆነ ሂት ፓምፑ አተረፈ፣ ካነሰ አከሰረ። መብራቱ 35 ሳንቲም ሲገባ ማመጣጠኛው ወደ 2.38 ይወጣል። በከተማው ውስጥ መብራት የሚሸጠው የከተማው የራሱ ድርጅት ዲደብሊውፒ ነው። በጎረቤት ከተማዋ በኢንግልዉድ የሚኖር ሰው የሚከፍለው ግን ለኤዲሰን ኩባንያ ነው፤ የኤዲሰን ዋጋ በአብዛኛው ከፍ ስለሚል ለሁለት ዘመዳሞች አንዱ ማሽን ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ደግሞም ኮሪያታውን ውስጥ ማሞቂያ የሚበራው በዓመት ለጥቂት ወራት፣ በማታና በንጋት ነው። ጥቂት የሚነድ ነገር ላይ የሚገኝ ቁጠባም ጥቂት ነው። ሂት ፓምፕ እዚህ አገር የሚያዋጣበት ምክንያት ሌላ ነው፦ አከራዩ ወይም የቤቱ ባለቤት ማቀዝቀዣ ማስገባቱ ካልቀረ፣ በትንሽ ጭማሪ ማሞቂያውንም አብሮ ያገኛል፤ የድሮው የጋዝ ሂተር በሞተ ቀንም ሁለተኛ ማሽን አይገዛም። ኤሲ ብቻ ገዝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሂተር እንደገና ኮንትራክተር የሚጠራ ሰው ነው ከሁሉም የሚከስረው።

ኮሪያታውን፦ ግድግዳውና ፓኔሉ

የኮሪያታውን ሕንፃዎች በሁለት ይከፈላሉ ቢባል ብዙ አይሳሳትም። በ1920ዎቹ የተሠሩ ባለ ብዙ ፎቅ የጡብ ሕንፃዎች አሉ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩ፣ ከታች መኪና የሚቆምባቸው፣ በቀጭን ምሰሶ ላይ የተቀመጡ ልስን ሳጥኖች አሉ። ሁለቱም ሲሠሩ ኤሲ አልታሰበላቸውም። መስኮታቸው ነጠላ መስታወት ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነውና የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ቀኑን ሙሉ የተጠበሰውን ጣሪያ ማታ ይቀበላል።

ከግድግዳው የባሰው ግን የመብራቱ መስመር ነው። በብዙዎቹ ቤቶች ቁም ሣጥን ውስጥ የተሸጎጠችው ፓኔል ያላት ጥቂት ብሬከር ነው። አንድ ተራ የ15 አምፒር መስመር በ120 ቮልት 1,800 ዋት ይሸከማል። የመስኮት ኤሲ 800 ዋት ያህል እየሳበ እያለ በዚያው መስመር 1,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ድምሩ 2,300 ይሆናል፤ ብሬከሩ ይወድቃል፣ እንጀራውም ዓይኑን ሳያወጣ ይቀራል። ይህን የማያውቅ የአፓርትመንት ኑሮ የለም።

ባለ 240 ቮልት ሚኒ ስፕሊት (አንዱ ክፍሉ ውጭ፣ ሌላው ውስጥ የሚገጠም) ሂት ፓምፕ ለእያንዳንዱ ቤት ማስገባት ሲታሰብ ወጪው ከማሽኑ አልፎ ወደ ፓኔሉ፣ ከፓኔሉ ወደ ሕንፃው ዋና መስመር፣ አንዳንዴም ወደ መንገዱ ትራንስፎርመር ይሄዳል። ሃያ ቤት ያለው ሕንፃ ባለቤት የሚፈራው ይህንን ሰንሰለት ነው፤ ፍርሃቱም ሰበብ ብቻ አይደለም።

መውጫ መንገዱ ከኒው ዮርክ የመጣ ይመስላል። የዚያ ከተማ የሕዝብ ቤቶች ባለሥልጣን በ2021 አምራቾችን አወዳድሮ፣ በተራ ሶኬት የሚሠራና በመስኮት ደፍ ላይ የሚቀመጥ ሂት ፓምፕ እንዲያቀርቡለት ጠየቀ፤ ግራዲየንትና ሚዲያ የተባሉት ኩባንያዎች 30,000 እንዲያቀርቡ ተመረጡ። ግድግዳ መብሳት የለ፣ የማቀዝቀዣ ጋዝ ቧንቧ መዘርጋት የለ። ዋጋው ከተራ የመስኮት ኤሲ ጋር ሲነጻጸር አሁንም ብዙ እጥፍ ነው። ለኮሪያታውን የድሮ ሕንፃ ግን ከዚህ የሚስማማ ነገር ገበያ ላይ ያለ አይመስለኝም፤ ዋጋው ከወረደ።

ሁለቱ ኪሶች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አከራዩ ማሽኑን ይገዛል፤ ተከራዩ በየሁለት ወሩ የዲደብሊውፒ ቢል ይከፍላል። ርካሽ ማሽን የአከራዩን ኪስ ያድናል፣ የተከራዩን ያራቁታል። ደንብ «82 ዲግሪ» ብቻ ሲል ይህን ግንኙነት አይነካውም።

ከርካሾቹ ሁሉ የሚያሳዝነው በጎማ የሚንከባለለው፣ አንድ ቱቦ በመስኮት የሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ኤሲ ነው። ማሽኑ የራሱን ሙቀት የሚያባርረው ከክፍሉ አየር ወስዶ ነው። ያቀዘቀዘውን አየር መልሶ ወደ ውጭ ይነፋል። የወጣው አየር ቦታ ባዶ አይቀርምና የውጭው ሙቀት በበር ስርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ መኝታ ቤቱ ይበርዳል፣ ሳሎኑ ይብሳል። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው የማቀዝቀዝ አቅም ቁጥር (ቢ.ቲ.ዩ.) ትልቅ መሆኑ ማንንም እንዳያታልል። በመስኮት የሚገጠመው ተራ ኤሲ እንኳ ከዚህ በብዙ ይሻላል።

ቢሉ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። የኦገስት ሙቀት በኦክቶበር ይከፈላል። ዋጋው በደረጃ የሚጨምር ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ኪሎዋት ሰዓቶች ከመጀመሪያዎቹ ይወደዳሉ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ደግሞ ሞቃታማ ለሆነው የከተማው ሸለቆ ክፍል ሰፋ፣ ለኮሪያታውንና ለፌርፋክስ ጠበብ ብሎ የተመደበ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ደንበኞች የቢል ቅናሽ አለ፤ የመስኮት ኤሲ ሲገዛ ከዋጋው የሚመልስ ሪቤትም አለ። ነገር ግን በስሙ ቢል የማይመጣለት፣ ከዘመድ ጋር ተደርቦ የሚኖር ሰው ሁለቱም አይደርሱትም።

ከኦክቶበር 1978 በፊት የተሠሩ ሕንፃዎች ኪራይ በከተማው ቁጥጥር ሥር ነው። ባለ ንብረቱ እንደልቡ ኪራይ ጨምሮ ወጪውን አይመልስም። ስለዚህ ወይ አይሠራም፣ ወይ በጣም ርካሹን ይሠራል፣ ወይም ተከራዩ እስኪለቅ ይጠብቃል። ሦስተኛው ሲብስ እንዲለቅ መግፋት ይሆናል፤ የተከራይ ጠበቆች የሚሰጉት ይህንን ነው፤ ስጋቱም መሠረት አለው።

ለዚህ ግን ከተማው ራሱ የሠራው አርአያ አለ። በ2015 እነዚያን በምሰሶ ላይ የቆሙ ሕንፃዎች ከመሬት መንቀጥቀጥ እንዲጠናከሩ ካስገደደ በኋላ ወጪውን ግማሽ በግማሽ አካፈለው፤ የተከራዩ ድርሻ በወር ከ38 ዶላር እንዳይበልጥና እስከ ዐሥር ዓመት እንዲዘረጋ ተደረገ። ሁለቱም ወገን አጉረመረመ፣ ሥራው ግን ተሠራ። በሙቀቱ ጉዳይ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ምሰሶ ማጠናከር የተከራዩን ወርኃዊ ወጪ አይቀንስም፤ ቀልጣፋ ማሽን ግን ከተንቀሳቃሹ ኤሲ ጋር ሲነጻጸር ይቀንሳል። ስለዚህ የማካፈሉ ክርክር እዚህ የበለጠ ምክንያታዊ ነው፤ ቅድመ ሁኔታው የሚገባው ማሽን በእርግጥ ቀልጣፋ መሆኑ ነው።

ፌርፋክስ፦ ከኤሲው በፊት ሁዱ

የምግብ ቤት ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ባለ ሱቆቹ «ኤሲው አልበቃም፣ ትልቅ እናስገባ» ሲሉ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ኤሲው ጋ አይደለም።

የማቀዝቀዝ አቅም በቶን ይለካል፤ አንድ ቶን 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. በሰዓት፣ ወይም 3.5 ኪሎዋት ሙቀት ማውጣት ነው። አንድ ባለ 3.5 ኪሎዋት የእንጀራ ምጣድ ሙሉ ኃይሉን ሲሠራ የሚለቀውን ለማውጣት አንድ ሙሉ ቶን ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ሁዱ፣ ማለትም ከምድጃው በላይ ያለው ጢስ መሳቢያ፣ ካልወሰደው። ጥብሱና ወጡ በጋዝ ከሆነ ከዚህም ይብሳል። ሁዱ ደግሞ ሙቀቱንና ጢሱን ሲስብ አየሩንም ይዞ ይወጣል። ኤሲ በአንድ ቶን በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ጫማ ያህል አየር ያዞራል። 2,000 ኪዩቢክ ጫማ የሚስብ ሁድ አንድ ባለ አምስት ቶን የጣሪያ ማሽን የሚያዞረውን ያህል አየር እየጎተተ ወደ ሰማይ ይለቃል። ለሁዱ የራሱ መተኪያ አየር የሚያስገባ ማራገቢያ ካልተገጠመለት፣ ወይም ተገጥሞ ቀበቶው ተበጥሶ ከተረሳ፣ አየሩ የሚመጣው ከመመገቢያው አዳራሽ ነው። ምልክቱ በቀላሉ ይታያል፦ የመንገዱ በር ሲከፈት ይከብዳል፣ ተለቆ ሲዘጋ በስንጥቁ ያፏጫል፣ ማዕድ ቤቱ አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ቅዝቃዜው ሳይደርሰው ጎኑን ያልፈዋል። በዚያ ላይ በባለ አምስት ቶኑ ፋንታ ባለ ሰባት ቶን ማሽን ቢጫን ተጨማሪ ሁለት ቶን ብርድ ለፌርፋክስ ሰማይ መለገስ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ሊሆን ይገባል፦ በመጀመሪያ የመተኪያውን አየር ማስተካከል፣ ከዚያ ሁዱን እንደ ምድጃው ሥራ ፍጥነቱን በሚቀያይር ሞተር ማሠራት፣ በመጨረሻ ኤሲውን በሂት ፓምፕ መተካት። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ ካለም ትንሽ ማውጫ እዚያው ቢበጅለት ይመረጣል፤ የዕጣን ጢስ የኤሲውን ማጣሪያ በፍጥነት ይደፍናል፣ የተደፈነ ማጣሪያ ደግሞ ምርጡን ማሽን መናኛ ያደርገዋል።

ማነው የሚከፍለው? በብዙ የንግድ ውሎች የጣሪያው ማሽን ጥገና በተከራዩ ላይ ነው። ባለ ሱቁ የሌላ ሰው ንብረት የሆነ የ20 ዓመት ማሽን ሲጠግን ይኖርና አዲስ ሲያስገባም ለሕንፃው ባለቤት ትቶት ይሄዳል። ሦስት ዓመት በቀረው ውል ላይ ሂት ፓምፕ የሚገዛ ነጋዴ ቢገኝ ደግ ሰው ነው እንጂ ሒሳብ አላወቀም።

ድጋፉ መጣ፣ ሄደ

ከ2022 እስከ 2025 ያለው ጊዜ ለሂት ፓምፕ የሰርግ ዘመን ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ከማሽኑና ከገጠማው ወጪ 30 በመቶውን፣ እስከ 2,000 ዶላር፣ ከታክስ ያስቀንስ ነበር፤ ካሊፎርኒያ በ2030 ስድስት ሚሊዮን ሂት ፓምፕ የመትከል ግብ አወጀች። በጁላይ 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ግን ያንን የታክስ ቅናሽ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገጠም ማሽን አስቀረው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የደቡብ ካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ቦርድ በጋዝ ሂተርና በጋዝ የውሃ ማሞቂያ አምራቾች ላይ ክፍያ ሊጥል የነበረውን ሐሳብ 7 ለ5 በሆነ ድምፅ ጣለው። አዲስ ሕንፃ ላይ ጋዝ የመከልከሉ እንቅስቃሴም በ2023 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የበርክሌይን እገዳ ሲሽር ጉልበቱን አጣ።

የቀሩት የስቴቱና የዲደብሊውፒ ሪቤቶች ናቸው፤ ገንዘባቸው ሲያልቅ የሚዘጉ፣ ሲመደብ የሚከፈቱ። ኮንትራክተሩ «ሪቤቱ አለ» ሲል በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

በዚህ መሃል የማቀዝቀዣ ጋዙም ተቀይሯል። ለዓመታት የተለመደው አር 410ኤ ከባቢ አየርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በሁለት ሺህ እጥፍ ስለሚበልጥ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለአዲስ የቤት ማሽን እንዳይመረት ተደርጎ በአር 32ና በአር 454ቢ ተተክቷል። መጋዘን የቀረ የድሮ ጋዝ ማሽን በቅናሽ ሲቀርብ ያጓጓል። ማሽኑ 15 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ጋዙ ግን እየተወደደ ነው የሚሄደው።

ማሽን ያልሆነው ግማሽ

አዲስ አበባ በ2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ብዙዎቻችን ማሞቂያም ማቀዝቀዣም በሌለበት ቤት ነው ያደግነው፤ ቤቱን የሚያስተካክለው ግድግዳውና መስኮቱ ነበር። (ዛሬ ቦሌ ላይ ከላይ እስከ ታች መስታወት ለብሰው ኤሲ ፍለጋ የሚሄዱትን ሕንፃዎች እንተዋቸው።) ያ ልማድ እዚህ ይሠራል። የሎስ አንጀለስ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ማታ መስኮት በሁለት ወገን ከፍቶ ጠዋት መዝጋትና ፀሐይን ከመስታወቱ ውጭ ማገድ የኤሲውን ሥራ በሰፊው ይቀንሳል። ከውስጥ የተንጠለጠለ መጋረጃ ሙቀቱን የሚይዘው ከገባ በኋላ ነው፤ ከውጭ የሚዘረጋ ጥላ ሳይገባ ያስቀረዋል። ከተማው በ2013 ባወጣው ደንብ አዲስ የሚሠራ ወይም የሚታደስ የመኖሪያ ቤት ጣሪያ ፀሐይ አንጸባራቂ እንዲሆን አስገድዷል፤ የላይኛው ፎቅ ተከራይ ጣሪያው ሲታደስ ይህ መሟላቱን መጠየቅ ይችላል።

ይህ ዘዴ ግን ወሰን አለው። በጃንዋሪ 2025 የፓሊሴድስና የኢተን እሳት ሲነሳ መስኮት መክፈት ጢስ ማስገባት ሆነ። ዉድላንድ ሂልስ 121 ፋራናይት በደረሰበት የሴፕቴምበር 2020 ዓይነት ቀን ደግሞ ሌሊቱም አያሳርፍም። «ብርዱ ይመታኛል» ብለው ኤሲ የሚያስጠፉ እናቶችና አባቶች በእንዲህ ያለው ቀን ነው ለአደጋ የሚጋለጡት። ለእነሱ ነፋሱን ከአልጋው ዞር አድርጎ 78 ላይ በዝግታ የሚሠራ ማሽን፣ በ68 ተለቆ ወዲያው ከሚጠፋው ይሻላል። ኮንትራክተሮች የሚወዱት ትልቅ ማሽን ደግሞ በተፈጥሮው ክፍሉን በቅጽበት አብርዶ የሚጠፋ፣ ቆይቶ የሚነሳ ዓይነት ነው። የክፍሉን ስፋት፣ መስኮትና ጣሪያ ሳይለካ የማሽኑን መጠን የሚነግር ሰው ግምቱን እየሸጠ ነው።

ወዴት ያመራል?

ሦስት መንገድ ይታያል። የመጀመሪያው፣ ከተማው የካውንቲውን ቁጥር እንዳለ ይወስዳል፤ አከራዮችም በብዛት ርካሽ የመስኮትና ተንቀሳቃሽ ኤሲ ያስገባሉ። ሙቀቱ ይወርዳል፣ ቢሉ ይወጣል፣ ተከራዩም ቢሉን ፈርቶ ማሽኑን ያጠፋዋል። ደንቡ በወረቀት ተከበረ፣ በክፍሉ ውስጥ ግን ያው 90 ዲግሪ ነው። ምንም ካልተጨመረበት የሚሆነው ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው፣ ከቁጥሩ ጋር የማሽን ቅልጥፍና መለኪያና እንደ መሬት መንቀጥቀጡ ያለ የወጪ ክፍፍል ይጻፋል፤ የዲደብሊውፒ ገንዘብም ወደ ግለሰብ ገዢ ከመበተን ይልቅ ለሙሉ ሕንፃ ፓኔልና መስመር ይውላል። ይህ ቀስ ያለ ነው፤ ግን የኮሪያታውንን ሰንሰለት ከሥሩ የሚፈታው እሱ ነው። ሦስተኛው፣ የፌዴራሉ ድጋፍ መቅረትና የባለ ንብረቶች ተቃውሞ ተደምረው ከተማው ጉዳዩን ያቆየዋል፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነገር ማቆየት አዲስ አይደለም።

እስከዚያው የትኛውም መንገድ ቢመጣ የማይለወጥ ውሳኔ ያላቸው ሰዎች አሉ። ኢንግልዉድ ወይም ላዴራ የራሱ ቤት ያለው፣ ወይም አራት ቤት ያለው ሕንፃ ገዝቶ በአንዱ እየኖረ ሦስቱን የሚያከራይ ሰው፣ ኤሲው ወይም ሂተሩ ሊሞት ሲል ካሁኑ ሦስት ዋጋ ቢያስጠይቅ ይበጀዋል። በኦገስት ሙቀት መሃል ማሽን የሞተበት ሰው የሚገዛው የኮንትራክተሩ መኪና ላይ የተጫነውን ነው። ፌርፋክስ ላይ ውሉ የሚታደስለት ባለ ምግብ ቤት ደግሞ ፊርማው ሳይደርቅ አንድ አንቀጽ ያስገባ፦ የጣሪያው ማሽን ጥገና የተከራዩ ይሁን፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀየር ግን ወጪው የባለ ንብረቱ ይሁን፤ ተከራዩ ቢያስገባው ደግሞ ከኪራዩ ላይ በየወሩ ይቀነስለት።